ዝም ያለው መቀነት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በያጅ ሆኜ ስኖር ብዙ ነገር ለምጃለሁ፤ ሙቀቱን፣ ጭሱን፣ የመብራቱን መጥፋት። ያልለመድኩት አንድ ድምፅ ነው። ቀትር ላይ ሥራ አቁመን ጥላ ስንይዝ፣ ማንም ያልነካው፣ ከበረደም የቆየ ብረት "ቋ" ይላል።

ድምፁ የሚመጣው ከአንድ ዓይነት ብረት ብቻ ነበር፤ የማይዝግ ሆኖ ማግኔት ከሚይዘው ቀጭን ጥቅል ላሜራ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ አዲስ የውሃ ሮቶ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሆዱን የነፋውን አሮጌ ሮቶ በዚህ ላሜራ እናስታጥቀዋለን። ጫፍና ጫፉን በይደን መቀነት እናደርገዋለን። አንዱ የታጠቀ ሮቶ ገበያው ዳር፣ ከፍ ያለ የብረት ቆጥ ላይ ነበር። ባለቤቴ ፉል የምትሸጠው እሱ ሥር ነው፤ በዚያ በኩል ሌላ ጥላ የለም።

የምንሠራበት ወርሻ፣ የብየዳ ቤቱ፣ ባለቤት ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ኡስታ፣ ዋና ባለሙያ ማለት ነው፣ እንላቸዋለን። ቀትር ላይ የሚጮህ ብረት ጂን አለበት ብለው፣ ብየዳው ገና ሳይበርድ ቁርዓን የተቀራበት ውሃ ይረጩበታል። የጎንደሩ ባልደረባዬ ደግሞ እንዳይበለጥ ከጠርሙሱ ጠበል ይጨምርበታል። እኔ እስቃለሁ፤ ጂኑ በሁለት ሃይማኖት ታጥቦ ይወጣል እላለሁ። ስቄም ግን ፀጉሬ ይቆማል፤ በተረጨ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳልና።

አንድ ቀን ተናድጄ የተረጨውን ብየዳ ብረት ማሰሪያው ጊሮ ላይ አስሬ በመዶሻ መታሁት። እንደ ሸክላ ተሰበረ። ስብራቱ እንደ አሞሌ ጨው የሻከረ ነበር። ሌላ ቁራጭ አስቀድሜ ለብ አደረግኩ፤ አምፔር ቀንሼ ቶሎ ቶሎ በየድኩት፤ ሳይበርድ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። በማግስቱ አዳመጥኩት፣ ዝም። መዶሻውም አጎበጠው እንጂ አልሰበረውም።

ያኔ የገበያው መቀነት ትዝ አለኝ። እሱም በትኩሱ ውሃ ተረጭቶበታል።

"ኡስታ፣ የገበያውን ሮቶ ውሃ እናጉድልለት" አልኳቸው።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የተቀራበት ነው። ምን ያስፈራሃል?" አሉኝ። ወደ ገበያው ሮጥኩ።

ባለቤቴን ያገኘኋት ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ድስቱ አጠገቧ፣ በርጩማዋ ግን ጥላው ውስጥ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ጠራኝ" አለችኝ። "ሮቶው ሲሞላ ቋ ይላል። ስም አይጠራም፤ ግን እኔን ነው። አቤት እንዳልል ብዬ ተነሳሁ።"

ልቆጣት አፌን ስከፍት ከላይ ቋ አለ። መቀነቱ ተበጥሶ እንደ ማጭድ ቁልቁል ተወነጨፈና በርጩማዋን ለሁለት ከፈለው። ውሃው ተከትሎ ወረደ። እጇን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

አዲሱን መቀነት ብቻዬን ሠራሁት፣ እንደዚያ ለብ አድርጌ፣ አመድ ውስጥ አቆይቼ። ኡስታም ውሃቸውን ብረቱ ከበረደ በኋላ ሊረጩ ተስማሙ። ሌላ ሮቶ ተሰቀለ፣ ታጠቀ፣ ተሞላ፤ ድምፅ የለም። ኮራሁ።

"በይ ወደ ጥላሽ" አልኳት።

ቀና ብላ ብዙ አዳመጠች።

"ያኛው እንኳ ሊገድለኝ ሲል ነግሮኛል" አለችኝ። "ይሄ ዝም ካለ፣ በምን አውቄ እነሳለሁ?"

 እስከ ዛሬ ፀሐይ ላይ ነው የምትሸጠው።