የበቀቀኑ ጥብቆ

በቀቀን ልገዛ ለቡ ድረስ የሄድኩት የሚያወራ ፈልጌ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ መካኒሳ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ከደንበኛ በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ደንበኛ ደግሞ ወሬው አንድ ነው። "ነገ ይደርሳል ብለሽኝ አልነበር?" ይላል። እውነቱንም ነው።

ወፍ ሻጩ ግቢው ውስጥ ሁለት በቀቀኖች ነበሩት። አንደኛው ላባው የሚያብረቀርቅ፣ "ሰላም ነው? ሰላም ነው?" እያለ ላገኘው ሁሉ የሚቀብጥ ነው። ሁለተኛው ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። ክንፉ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ቢጫ ነው፤ ደረቱ ግን ለወጥ እንደተዘጋጀ ዶሮ ተነጭቶ ቆዳው ቀልቷል።

"ማዘር፣ እሱን ይተዉት" አለኝ ሻጩ። "ላባውን የሚነጨው ራሱ ነው። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ነው የመጣው። ክረምቱን አይሻገርም።"

ሠላሳ ዓመት ሰው ሳለብስ ኖሬ ራቁቱን የቆመ ፍጡር ትቼ መሄድ አቃተኝ። የሚያወራውን ትቼ የማያወራውን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እስከ መካኒሳ ድረስ ራሴን ስረግም ነበር።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በሽታ የለበትም አለኝ። "ፈርቶ ነው የኖረው፤ አሁን ደግሞ የሚሠራው አጥቷል። እነዚህ ወፎች መንቁራቸው ካልተጠመደ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ደግሞ ብርድ እንዳይመታው ይጠንቀቁ" ብሎ ሸኘኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ምክር የሰማሁት ብርድ የምትለዋን ብቻ ነው። ግንቦት ነበርና ክረምቱ ደጅ ላይ ደርሷል።

ልኩን ልወስድ ሜትሬን ደረቱ ላይ ሳዞር አውራ ጣቴን ነክሶ አደማኝ። በዓይኔ ለካሁት። ከአንድ ደንበኛ ኮት ከተረፈ የሱፍ ጨርቅ፣ የክንፍ ቀዳዳ ያለው፣ ጀርባው ላይ በቁልፍ የሚገጥም ጥብቆ ሰፋሁለትና ስንት ቦታ ተነክሼ አለበስኩት። ጎን ያለችው አትክልት ሻጭ ጎረቤቴ መጥታ አየችው።

"ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው!" ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

ጠዋት ስመጣ ጥብቆው የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ተበትኗል። ቀዶት ቢሆን ባልገረመኝ። እሱ ግን ተርትሮታል። ቁልፉ ለብቻው፣ ጀርባው ለብቻው፣ ሁለቱ የፊት ቁራጮች ለብቻቸው፣ ጨርቁ አንድም ቦታ ሳይጎዳ። እኔ በምላጭ ስተረትር እንኳ አንዳንዴ ጨርቅ እነካለሁ።

ተናደድኩ። የኔን ስፌት! በድርብ ሰፋሁት። እሱን ለመጨረስ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀበት። ጠርዙን አጥፌ ሦስት ጊዜ ስፌት መታሁበት፤ እስከ ማታ ጨረሰው። ጎረቤቴ በየቀኑ ብቅ እያለች "ዛሬስ ማን አሸነፈ?" ትለኛለች። መልሱን ታውቀዋለች።

ሥራውን ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቁልፉን ነው የሚነቅለው፤ ከዚያ በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ጠርዙን ወጥሮ ይይዝና፣ በመንቁሩ ጫፍ የክሩን መነሻ ይፈልጋል። ቋጠሮ ሲያጋጥመው አይታገልም። አንገቱን ዘመም አድርጎ ያስብና በሌላ ወገን ይመጣል። በሠላሳ ዓመት ብዙ ልብስ ሰፊ አሠልጥኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው አንድም አላገኘሁም። እሱን ሳይ የደንበኞቼ ቀጠሮ ይብሱን ተራዘመ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መብራት ጠፋ፤ የስፌት መኪናዬ ቆመችና መጥረጊያ አነሳሁ። ከሽቦ ቤቱ ሥር ክር ጠረግኩ፣ ደግሞ ክር ጠረግኩ። ከዚያ ቀጥ አልኩ። ላባ የለም። ለካ ስንት ቀን ሙሉ ላባ ጠርጌ አላውቅም! ጎንበስ ብዬ ደረቱን ሳየው እሾህ የመሰሉ ጥቃቅን የላባ ቡቃያዎች ቆዳውን ወግተው ብቅ ብለዋል። የሐኪሙ ነገር ያኔ ገባኝ። ወፉ ጥብቆ አልነበረም የፈለገው፤ የሚተረተር ስፌት ነው።

እልሄን ዋጥኩ። የላላ ስፌት ያየሁበትን ሁሉ ስቆጣ የኖርኩ ሴትዮ፣ ሆን ብዬ በወፍራም ክር፣ በሰፋፊው፣ ቋጠሮ እያበዛሁ መስፋት ጀመርኩ። ጠዋት የማንንም ልብስ ሳልነካ አስቀድሜ የሱን እሰፋለሁ። እሱም መንከሱን ተወ። ጨርቅ ሲያይ ክንፉን ራሱ ያነሳልኛል፤ የቀን ሥራው መጥቶለታልና። ቢሆንም በበረደ ቁጥር የሻጩ ቃል ትዝ እያለኝ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ሞቶ አገኘው ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር።

ጳጉሜ ላይ አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። እንደ ልማዴ ጥብቆውን አመጣሁ፣ እሱም ክንፉን አነሳ። ቁልፉ ግን አልገጥም አለ። ሳብ አደረግኩት፤ እምቢ። በዚያው ልክ ነው የሰፋሁት፣ ልክ ደግሞ ስቼ አላውቅም። አውልቄ ደረቱን በጣቴ ዳሰስኩት። ከአንገቱ እስከ ሆዱ አረንጓዴ ላባ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፤ ጣቴ ገብቶ ጠፋ።

ጎረቤቴ የቲማቲም ሳጥኗን እያወጣች በበሩ አየችኝ።

"ምነው? ጠበበው እንዴ? አስፊለት እንጂ!"

"አይ" አልኳት፣ እንባዬ እየቀደመኝ። "የራሱን ለብሷል።"