እኩል ያልተነበበልን መጽሐፍ

የልጄ ልጅ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ሱቅ ስትቀጠር፣ ማደሪያዋን የአባቷ እናት ቤት አደረገች። ያ ቤት ለገበያው ቅርብ ነው፤ የእኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ነው፣ ባጃጅ እስከ ደጄ አይደርስም። ምክንያቷ እውነት ነው፤ ቢሆንም አልወደድኩትም። ያቺ ሴት ሳምንቱን ሙሉ ታገኛታለች፣ ለእኔ የምትተርፈኝ እሑድ ብቻ ናት።

አንድ እሑድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ስካንዲኔቪያ ከሚባለው የበረዶ አገር የመጣ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ዓይኔ ግን ደቃቅ ጽሑፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። አጠገቤ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። አንድ ፖሊስ የሟቿን ጓዳ ይፈትሻል።

«ሟቿ ማን ናት?» አልኳት።

«የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት። እሱን እኮ አንብበን ጨርሰናል፣ እምዬ።»

«ከማን ጋር?»

ከዚያች ከአባቷ እናት ጋር ነዋ። ማታ ማታ ለእሷ ስታነብላት ከርማ፣ ለእኔ ከመካከሉ አመጣችልኝ።

«ወይ ከመጀመሪያው፣ ወይ ይቅርብኝ።»

«ወፍራም ነው እኮ እምዬ፤ መቼ ልንጨርሰው ነው?»

«ለእኔ ሲሆን ወፈረ?»

በኋላ ፍርዱን ራሴ ሰጠሁ። ያለፈውን በአጭሩ ትነግረኛለች፤ የቀረው ሁለታችንም ባለንበት፣ እሑድ እሑድ በእኔ ቤት ይነበባል፤ በመካከሉ ሌላ ቦታ አይከፈትም። ሴትዮዋም መጣች። አማቾች ነንና «እርስዎ» እየተባባልን ነው የምንናከሰው።

«ይኸው እግሬ እያመመኝ ለእርስዎ ስል መጣሁ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች።

«ለእኔ ነው ወይስ ለገዳዩ?» አልኳት።

ልጅቱ ስታነብ ያቺ «እሱማ ያው ሰካራሙ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱ ይሳሳቃሉ። ሰካራሙን እኔ በወሬ ነው የማውቀው።

መጽሐፉም የሚያስቀና አልነበረም። ከተማዋ ትንሽ ናት ይላል፤ የእኛዋን ትንሽ ከተማ ሐሙሲትን እንኳ አታህልም፤ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ሴት ሞታ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ፖሊሱ ብቻውን በበረዶ ይዞራል፣ ብቻውን ይጠጣል። በመጨረሻ ገዳዩ ተያዘ፦ እስከዚያች ገጽ ድረስ ስሙ እንኳ ያልተነሳ፣ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ።

«ይህ ማጭበርበር ነው» አልኩ። «የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያስጠረጥረን ከርሞ የማናውቀውን ሰው አመጣብን።»

«ተያዘ አይደል? ምን ቀረዎት?» አለች ያቺ።

«ያለ ጥፋቱ ያማነው ባለ ዳቦ ቤትስ? እነዚህ ሰዎች አውጫጭኝ አያውቁም?»

ልጅቱ አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በልጅነቴ ወንጀል ተሠርቶ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየውን በስውር የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል። ለአባቴ ስንቅ ይዤ ስሄድ የሰዎቹን ፊት አይ ነበር። እርሻው አረም እየዋጠው፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ፣ ሁሉም ጎረቤቱን ይመለከታል። ወፉ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አባቴም ሊሆን ይችላል።

ልጅቱ መጽሐፉን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «ከዚያስ?» አለች።

«በእኛም አገር እኮ...» ብላ ያቺ ልትገባ ስትል፣ «ይቆዩ፣ ተራው የእኔ ነው» አልኳት።

ሊሄዱ ሲነሱ ልጅቱ «እምዬ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እዚህ ልደር?» አለችኝ። የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ።

«ቅዳሜ ቤቱ ባዶ ሊሆንብኝ ነው» አለች።

ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ ስቀመጥ፣ ሁለቱንም ወገን ሳልሰማ አልፈርድም። ያን ቀን ግን አላመነታሁም።

«የቀረው ሳምንት የእርስዎ ነው፤ አሁንም የሚበልጠው የእርስዎ ነው» አልኳት። «ለእኔ በዛ ካሉ ሽማግሌ ያስቀምጡ።»

እስካሁን አላስቀመጠችም።