ጠርዙ የተቆረጠው ኮፒ

ልጄ ትናንት ከኮፒ ቤት ይዞት የመጣው ወረቀት ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የቀለሙ ሽታ ወደ ሶዶ መለሰኝ፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ወደሚደበድብበት ጠባብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ።

ያኔ ኢንተርኔት ለከተማችን ብርቅ ነበር። ኮሌጅ የሚያስገባኝ አልነበረም፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከመጽሐፍ ኮፒ ነው። ዋናውን መጽሐፍ ያነበበው ጓደኛዬ ነበር። የእኔ ኮፒ ተጣሞ የተነሳ፣ ቀኝ ጠርዙ የተቆረጠ ነበር። ብቻውን የሚማር ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ምን እንደጎደለው አያውቅም።

አንድ ቢሮ ሁለታችንን ለገበሬ የሚሆን ድረ ገጽ ሥሩ አለን። ወረዳ ሲመረጥ የሚዘራውን የሚያሳይ። የሚቀጠረው ግን አንዳችን ብቻ ነበር፤ እሱም እኔም ቤታችን የሚጠብቀን ሰው ነበረን።

እሱ «ይህ ከሆነ፣ ካልሆነ ደግሞ» እያለ አርዝሞ ጻፈው። እኔ ስዊች በሚባለው፣ የተመረጠውን ከዝርዝር ፈልጎ በሚያወጣው ትእዛዝ አሳጠርኩት፤ ሁምቦ፣ አረካ፣ መጨረሻ ላይ የትውልድ ቦታዬ ገሱባ። ገሱባን ስመርጥ «ጎደሬ» አለኝ። ሌላውን ሳልሞክር መብራት ጠፋ።

መብራቱ የመጣው የቢሮው ኃላፊ ሊደርስ ሲል ነው። ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ በእኔ ገጽ ላይ ሁምቦን ነካ። በቆሎ መጣ። ከሥሩ የአረካ ዝንጅብል፣ ከዚያም የገሱባ ጎደሬ ተከታትሎ ወረደ። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፤ ከኮፒዬ ጋር አንድ ነው። ውጭ መኪና ቆመ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ጓደኛዬ ወደ ውጭ አየት አደረገ። ዝም ቢል ሥራው የእሱ ነበር፤ ማንም ሌባ አይለውም።

«የሁምቦን ገበሬ ሦስት ወረዳ ልታሳርሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«ብሬክ። መልሱን ሲያገኝ እዚያው የሚያቆመው። መስመሩ ጫፍ ላይ ነበር፣ ኮፒህ በልቶታል።»

ኪቦርዱን ስቦ ሁምቦ ላይ ጻፈ፤ አረካ ላይም። የጫማ ድምፅ በረንዳው ላይ ደርሷል። እሱ ግን ገሱባ ላይም ጨመረ።

«ይሄኛው ዛሬ ሥራ የለውም። ነገ ከሥሩ ሌላ ወረዳ ብትጨምር ነው የሚጠቅምህ።»

«እሺ ልጆች፣ ምን ሠራችሁ?» አለ ኃላፊው ከበሩ።

የሁለታችንም ገጽ በትክክል ሠራ። ኃላፊው ግን የእኔን ደጋግሞ አየና «ይሄ አጭር ነው፤ ወረዳ ሲጨመር አያስቸግርም» አለ።

ጓደኛዬ እጄን ጨብጦ «በል፣ በመጀመሪያ ደመወዝህ ጥሬ ሥጋ ትጋብዘኛለህ» አለኝ። ደመወዙ ሳይደርስ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። መድረሱን የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ትናንት ማታ ልጄ የምጽፈውን ኮድ ከኋላዬ ሆኖ አየ። ስዊች በቅርቡ ተምሯል።

«አባ፣ የመጨረሻው ላይ ብሬክ አያስፈልግም እኮ» አለ። ሊሰርዘው እጁን ዘረጋ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እሱን አትንካው።»