የውሻው ጆሮና የኪዳነ ምሕረት ጥላ

ባሌ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። በቀን ጥቂት መስመር እየጻፍኩ ነው የምገፋው። የዛሬው ስለ ውሻው ጆሮ ስለሆነ ግን እጄ ቀለል ብሎታል።

አዲስ ሙሽሮች ሳለን የምንኖረው የካ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። የባሌ አለቃ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻውን ትቶለት ሄደ። ጆሮዎቹ እስከ አገጩ የተንጠለጠሉ ውሻ ነው። ጎረቤቶቻችን ነጠላ የተከናነበ ይመስላል እያሉ ይስቁበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ጆሮው ታመመ። ራሱን ባራገፈ ቁጥር የገዛ ጆሮዎቹ በጥፊ ያጮሉታል። ሽታው የተበላሸ አይብ ነው።

አማቴ አፍንጫቸውን ይዘው ፈረዱ፦ "ነገ ካራ ተወስዶ፣ ወንድሜ ማሳ ላይ ይታሰራል!"

ወንድማቸው ውሾቹን ጅብ እየበላበት በየዓመቱ አዲስ የሚፈልግ ሰው ነው። ባሌን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ወደ አንድ የከብት ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቶት፣ "የተንጠለጠለ ጆሮ አየር አያገኝም። ውሃ እንዳይነካው፤ በየጠዋቱ በደረቅ ጥጥ ጥረጉለት። ሳምንት ይበቃዋል" አለው። ለአማቴ ለጓደኛ ሰጠነው አልናቸውና ውሻውን አልጋችን ሥር ደበቅነው።

በሁለተኛው ቀን የንስሐ አባታችን ቤታችንን ሊባርኩ ከአማቴ ጋር ገቡ። መስቀላቸውን እንዳነሡ ቆም አሉ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

የአማቴ ዓይን ወደ አልጋው መሄድ ሲጀምር ባሌ ቀኝ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ።

"የኔ ጆሮ ነው አባ። መግል ይዟል።"

"ውይ ልጄን! ምነው ሳትነግረኝ?" አሉ አማቴ።

"አፍሬ ነው እማዬ።"

አባ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ግድግዳው እስኪያስተጋባ ጮኹ፦ "እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት! ሰባት ቀን! በባዶ ሆድ!"

"ይሰማኛል እኮ አባ።"

"አይዞህ ልጄ!" አሉ፣ ይብሱን እየጮኹ።

ሰባት ጠዋት አማቴ እየቀሰቀሱት፣ በባሕር ዛፉ መካከል የእንጦጦን ጭቃ አቀበት ወጣ። እኔ ቤት ቀርቼ ጆሮ እጠርጋለሁ። ጤነኛው ሰው በዚያ ብርድ ጠበል ይወርድበታል፤ በሽተኛው አልጋ ሥር ደርቆ ይተኛል። ባሌ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ "ጆሮዬ እንዴት አደረ?" ብሎ ነው። ተንበርክኬ የውሻውን አሸትትና፣ "ከትናንት ይሻልሃል" እለዋለሁ።

በሰባተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። አማቴ የልጃቸውን ጆሮ አሸተቱ፤ ክፍሉን በሙሉ አሸተቱ፤ ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ስለት መሳላቸውን የሰማነው ያኔ ነው። ለራሳቸው ካባ ካስቀመጡት ቀይ ከፋይ ዘርፍ ያለው ጥላ አሰፍተው ለኪዳነ ምሕረት አስገቡ።

ባሌ ጸጸቱን አልቻለውም። አባ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናዘዘ። አባ እየሰሙት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር አለኝ።

"አርባ ስግደት። ለእናትህ ግን እንዳትነግራቸው። ጥላው ያምራል።"

ውሻውም ከ"ጓደኛችን" ዘንድ ተመለሰ። አማቴ አንገቱን ይዘው ካሸተቱት በኋላ፣ "ሰው ቤት ሄዶ ጨዋ ሆኖ መጣ" አሉና አጥንት ጣሉለት። አርጅቶ እስኪሞት ካራን አላያትም።

በባሌ ፍትሐት ቀን የኪዳነ ምሕረት ካህናት ጥላ ዘርግተው ሬሳው አጠገብ ቆሙ። አንደኛው ጥላ ቀይ ከፋይ ነው፤ ዘርፉ ግማሹ ረግፏል። ሳቄ ሳላስበው መጣብኝና ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ትከሻዬ ሲርገፈገፍ ያዩ ሴቶች፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ደገፉኝ። አማቴ በእንባቸው መካከል ክንዴን ያዙ።

"አየሽው? ያ ጆሮው የዳነ ጊዜ የሰጠሁት ነው።"

"አየሁት እማማ" አልኳቸው። "እንዴት ያምራል።"