ተራራ ላይ ያደረ መርዶ

ባለፈው ዓርብ አመሻሽ ላይ የእድራችን ሰዎች በሬን አንኳኩተው፣ «እትዬ በላይነሽ፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል ይዘጋጁ» አሉኝ። ከፊት ለፊቴ የምትኖረው ሴት ደሴ ያለች እህቷ ሞታባታለች። እሷ ገና አልሰማችም። የዚያኑ ቀን ጠዋት አሶሳ ገበያ አብረን ማንጎ ስንመርጥ፣ ሻጯን «የበሰለውን ለማን ደበቅሽው?» እያለች ስታስቀን ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ በመስኮት አየኋት። ልጆቿን እየተቆጣች ልብስ ከገመድ ላይ ታወርዳለች። እኔም አንድ ጊዜ እንደ እሷ ሆኜ አውቃለሁ።

እኛ አገር መርዶ ማታ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚያረዱት። ሰው ብቻውን ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ፣ ሌሊቱም እንዳይረዝምበት ነው ይባላል። ያኔ የምኖርባት የመንጌ ከተማ ግን ትንሽ ስለነበረች እኔን የሚደብቁበት ቤት ጠፋ። ስለዚህ ተራራ ላይ አወጡኝ።

ከጎጃም ተመድቤ መንጌ የማስተምር፣ ገና ወግ ያላየሁ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ታሟል። ስልክ ስላልነበረ ከአሶሳ መኪና በመጣ ቁጥር ሮጬ ሾፌሩን እጠይቃለሁ፤ «ተሽሎታል ብለዋል» ሲለኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ይለኛል። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሾፌሩ ወደ እኔ ሳይመጣ በቀጥታ ርዕሰ መምህራችን ቤት ሄደ። አባቴ ሞቶ ተቀብሯል። ታላቅ ወንድሜ ሊያረዳኝ መንገድ ላይ ነው፤ ማታ መንጌ ይገባል። ጥቂት ሳይቆይ ከእኔ በቀር ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

አብራኝ የምትኖረው ጽጌ መምህርት ነበረች፤ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ። ቤት ገብታ፣ «ተነሽ፣ አልሐዲ ተራራው ላይ ሊያሳድረን ነው» አለችኝ። አልሐዲ የሒሳብ መምህራችን ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ የመንጌ ልጅ። አጎቱ ተራራው ላይ ይኖራሉ። ስንት ጊዜ ውሰዱኝ ብዬ ስለምናቸው አንዴ ፀሐዩን፣ አንዴ ጭቃውን ሰበብ እያደረጉ አሳልፈውኛል። ያን ቀን ምን ነካቸው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ቶሎ ጫማዬን አሰርኩ።

በበጋ ተቃጥሎ የከረመው ሳር የመጀመሪያውን ዝናብ ቀምሶ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ከተራራው ሥር ካለው ወንዝ ዳር ሴቶች አጎንብሰው ወርቅ ያጥባሉ። አንዷ ቀና ብላ ስታየኝ ሥራዋን አቁማ ከንፈሯን መጠጠች። ጽጌ እጄን ጎትታ አሳለፈችኝ።

«ምን ሆና ነው?» አልኳት።

«እንጃላት። ፀሐይ እንዳይመታሽ አዝና ይሆናል።»

አቀበቱን ስንጀምር ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ። በኋላ አልሐዲ እንደነገረኝ፣ «እኛ ጋ ሞት አይደበቅም። ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል። እሷ እየሳቀች እንዴት ፊቷን ልየው?» ይላት ነበር። እሷ ደግሞ፣ «ወንድሟ ሳይደርስ ትንፍሽ ብትል አንተን አያድርገኝ!» ትለዋለች። እኔ ምኑንም ስላልሰማሁ ዞር ብዬ፣ «እናንተ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» አልኳቸው። አልሐዲ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ። አፈረ ብዬ የባሰ ሳቅሁ።

አጎቱ ሼህ ሙሳ በቀርከሃ በተሠራ ንጹሕ ጎጆ ተቀበሉን። አልሐዲ በቋንቋቸው ጥቂት ነገር ሲነግራቸው ዓይናቸው እኔ ላይ ቆየ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ዱዓ አደረጉ። የእንግዳ ምርቃት መስሎኝ፣ ያቀረቡልንን ማንጎ እንደጎረስኩ፣ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ። ለሐዘንተኛ የሚደረግ ዱዓ ነበር። ባለቤታቸው የማሽላ ገንፎ ከከንከሴ ወጥ ጋር አቀረቡልን፤ ከንከሴ እዚህ ባሚያን የምንጠራበት ስም ነው። ሼህ ሙሳ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፉ፣ «ብላ፣ ብላ» ይሉኛል፤ በእሳቸው አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነው። «ነገ ጉልበት ይፈልጋል።» ቁልቁለቱን ያሉ መስሎኝ ጠግቤ በላሁ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። ወደ ሱዳን የሚወርደው አገር እየቀላ፣ ቆይቶም እየጠቆረ ሄደ። እንደዚያ ያለ ሰፊ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። «ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባቴን አመጣዋለሁ» አልኩ። «ይሄ ሁሉ መሬት ሳይታረስ ብሎ ሲቆጣ ታዩታላችሁ!» አልሐዲ ተነስቶ ወደ ጎጆው ገባ።

ጽጌ ግን ጠጋ አለችኝና፣ «እስኪ ስለ እሱ አጫውቺኝ። ሲስቅ እንዴት ነው?» አለች። እንደዚያ ጠይቃኝ አታውቅም። ሲስቅ ትከሻው ብቻ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ድምፁ እንደማይሰማ ነገርኳት። ገበያ ሲሄድ ያገኘውን ሁሉ የቤተሰቡን፣ የከብቱን ደህንነት ሲጠይቅ ገበያው ተበትኖ እንደሚጠብቀው፣ እናቴም ባዶ ከረጢቱን እያየች «ሰላምታ ሸምተህ መጣህ?» እንደምትለው ነገርኳት። ጽጌ ስቃ ስቃ እንባዋ ወረደ። በሳቅ ብዛት ነው ብዬ ኮራሁ። ደስ እንዳለኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችኝ። ጭጋጉ ከታች ሸለቆውን ሞልቶታል። በቀርከሃው መሃል ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተከታትለው ይወጣሉ።

«ጽጌ፣ እያቸው፣ እንዴት ያምራሉ! ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ የሚሄዱ አይመስሉም?» ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ጽጌ ከኋላዬ ወገቤን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። አልሐዲ መጥቶ በገደሉ በኩል ቆመ። ያኔ ከፊት የሚመራውን ሰው አረማመድ አወቅሁት። ጎጃም መሆን የነበረበት ወንድሜ፣ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው። ሼህ ሙሳ የወንድሜን እጅ ይዘው እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን አሉ።

ጽጌን ለረጅም ጊዜ ልወዳት አልቻልኩም። አባቴ አፈር ለብሶ እኔ ጠግቤ መብላቴ፣ መሳቄ፣ አሜን ማለቴ ያንገበግበኝ ነበር። በአልሐዲ ልማድ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር እያልኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ።

አሁን አባቴ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ቁጣዬ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም፤ ሐዘኑ ግን አለ። ያን ቀን ማታ ወንድሜ መቃብሩ ላይ ቆሞ መጥቷል። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታለች። አገሩም፣ የመንጌ ገበያም፣ ሼህ ሙሳም መሞቱን ያውቃሉ። ከዓለም ሰው ሁሉ አባቴ በሕይወት የነበረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፤ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ይስቃል፣ ክረምት እስኪገባ ይጠብቀኛል። ያችን አንዲት ሌሊት ጽጌ ናት የጨመረችልን። ሲነጋ እኔም ቀበርኩት።