የተዘመዘመው ጀሶ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መቀስ ይለዋል። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ቆራጭ ሆኖ ኖሯል። ሰፊ ቢሳሳት ይተረትረዋል፤ ቆራጭ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ አለቀ። ለዚህ ነው መቀሱ ብብት ጋ ሲደርስ ትንፋሹን የሚይዘው።

አንድ ጠዋት የሱቁ ደረጃ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ጥቅል ጨርቅ ተሸክሞ ሲወርድ እግሩ ከዳው። ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ብሎ በግራው ወደ ላይ ያዘና በቀኝ መዳፉ መሬቱን ደገፈ። ጨርቁ ተረፈ።

«እጅህስ?» አለ አብሮት የሚሠራው ሰፊ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ።

«ወለም ብሎኝ ነው።»

«አይ ጋሽ መቀስ! ለጨርቅ የምታዝነውን ግማሹን ለሚስትህ ብታዝን የት በደረስክ!»

ተሳሳቁ። በሦስተኛው ቀን ግን እጁ አብጦ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ዶክተሯ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ናት። ራጁን ወደ መብራት አንስታ አየች፤ ምንም የለም። ከዚያ አውራ ጣቱን እንዲቀስር አድርጋ፣ ከሥሩ የምትፈጠረውን ጎድጓዳ ቦታ በአንድ ጣቷ ጫን አለች። ጋሽ መቀስ አሞት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ራጁ ላይ ባይታይም እንደተሰበረ ነው የምቆጥረው» አለችው። «እዚህ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል አጥንት አለች። ደም የሚደርሳት በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከተነቃነቀች አትገጥምም።»

ከክንዱ እስከ አውራ ጣቱ ድረስ ጀሶ አደረገችለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጁ ሲደገም እውነትም ፀጉር የምታክል መስመር ታየች። «ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ወር ከግማሽ አይነካም» አለች።

እሺ ብሎ ወጣ። ሊነካው አላሰበም ነበር። ግን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የዩኒፎርሙ ጨርቅ ተቆልሏል። ሰፊው እስቲ እኔ ልሞክር ብሎ አሥራ አንድ ሸሚዝ ቆረጠ፤ የሁሉም እጅጌ የግራ ብቻ ሆነ።

«በል እንግዲህ ቀኝ እጅ የሌላቸውን ተማሪዎች ፈልግላቸው» አለ ጋሽ መቀስ። ከሳቀ በኋላ ግን ጀሶውን ማየት ጀመረ። የተሰበረው የእጁ አንጓ ላይ ነው፤ አውራ ጣት ምን አገባው? ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ በጠመኔ አሰመረ። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ፣ ለጨርቅ በማይሆነው አሮጌ መቀስ አውራ ጣቱን ዙሪያውን ከፈተው። ቆዳውን እንዳይቧጥጠው ደግሞ ለስላሳ ጥጥ አልብሶ ዘመዘመው። ስፌቱ ከሸሚዝ ኮሌታ አያንስም። አላመመውም፤ ያታለለውም ይኸው ነው። ሁለት ወር ሲቆርጥ ከረመ።

በቀጠሮው ዶክተሯ ጀሶውን አገላብጣ አየች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። እንዳይቧጥጠኝ ዘመዘምኩት።»

«ሲያምር!» አለች ነርሷ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። «አባባ፣ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ እኮ ያቺም አጥንት አብራ ትንቀሳቀሳለች» አለች ቀስ ብላ። ፈገግታውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

አልገጠመም ነበር። ከዳሌው አጥንት ወስደው፣ በብሎን አስረው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። በዚህኛው ጊዜ አራት ወር ሙሉ ጀሶውን በዓይኑ እንኳን ደፍሮ አላየውም። እጁን ትራስ ላይ አድርጎ ይተኛል። ሚስቱ ትቆልፍለታለች፣ ታጎርሰዋለች። «በዚህ ዕድሜህ ላዝልህም ነው?» ትለዋለች። እሱ ይስቅላታል። ማታ ማታ «ገጥሞ ይሆን?» ሲላት ግን ትራሱን ታስተካክልለታለች።

አልገጠመም። ዶክተሯ የራጁን ፎቶ አሳየችው፤ የአጥንቷ ግማሽ ነጭ ሆኗል። «ሞታለች» አለች። «አንጓውም ራሱ እየተበላ ነው። ያለን ነገር አንጓውን በብረት ማሰር ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም።»

«መቀስ ይይዛል?»

«ጣቶቹ መያዙን ይይዛሉ።» አንጓውን እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ፣ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚስተካከል ደጋፊ ሰጠችው። «አንዴ ከታሰረ አይቀየርም። ሳምንቱን ይሞክሩትና የትኛው አቀማመጥ እንደሚስማማዎት ይንገሩኝ።»

ሱቅ ሄዶ ኮት ዘረጋ። አንጓውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሞከረ፤ ቀጥታው ተቆረጠ፣ ብብቱ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀጥ አደረገው፤ ብብቱ ግማሽ ሄደ፣ ኮሌታው እምቢ አለ። እጁ ካልዞረ እኔ ልዙር ብሎ ጠረጴዛውን ዞረ። ሰፊው ከመኪናው ተነስቶ ጨርቁን አዞረለት። መቀሱ ከመስመሩ ወጥቶ የኮቱን ደረት በላው።

ሰፊው ሁልጊዜ የሚለው አያጣም። ያን ቀን ግን ጨርቁን አጣጥፎ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠና ወደ መኪናው ተመለሰ። ጋሽ መቀስን ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በሳምንቱ ከሚስቱ ጋር ዶክተሯ ፊት ተቀመጡ።

«እሺ አባባ፣ የትኛው ተስማማዎት?»

«የትኛውም።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እንግዲያው ለምን የሚመች ላድርገው?»

ቀኝ እጁን አየው። ቀስ ብሎ ወደ አፉ አነሳው፤ አገጩ ጋ አድርሶ መለሰው።

«ለመብላት ይሁን» አለ።

ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዶክተሯ ጻፈች።