የማይታረደው ዘይት

ሲያትል ውስጥ በጾም ወራት የአበሻ ምግብ ቤቶች ወጥ የሚያቁላሉበት ዘይት አብዛኛው ከአንድ ሰው መጋዘን ይወጣ ነበር። ሰውየው አቶ ኃይለ መስቀል ይባላሉ። ከማውንትሌክ ቴራስ እስከ ቡሪየን ያሉ ባለ ምግብ ቤቶች «የዘይቱ ቱጃር» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። የቱጃሩ ሀብት ግን ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሠፈር የተከራዩት ማሞቂያ የሌለው መጋዘን፣ አንድ አሮጌ ፎርክሊፍትና ሲቀመጡም ሲነሡም የሚያስቃስታቸው ወገብ ነበር።

ንግዱን የጀመሩት በፈረንጆቹ 2003 ነው። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ኤርፖርት የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረዋል። አንድ ናይጄሪያዊ ባለ ሱቅ የፓልም ዘይት በጣሳ ሲሸጥ አዩና፣ ተጣርቶ ሽታው የጠፋው ዓይነት ለሽሮም ለምስርም ይሆናል ብለው አርባ ጣሳ ገዙ። ወጡን መጀመሪያ የቀመሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነት ናቸው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዘይቱ ከማሌዢያ በኮንቴይነር ይመጣላቸው ጀመር። ሰላሁዲን የሚባል የወሎ ሰው ቀጠሩ፤ የሚጭነውም የሚያደርሰውም እሱ ነው።

በ2010 መጨረሻ ዘይት ተወደደ። አቶ ኃይለ መስቀል ረከስ አድርጎ የሚሸጥ ሌላ አምራች አገኙ። ዕቃው የገባው ዐቢይ ጾም ሊያዝ ሳምንት ሲቀረው ነው። የቀድሞው ዘይት በብርድ ቢደፈርስ እንጂ አይረጋም ነበር፤ አዲሱ እንደ ቅቤ ረጋ። ጣሳው ላይ ደግሞ በዓረብኛ ጽሑፍ የተከበበ የሐላል ማኅተም አለበት። እሳቸው አይተው አለፉት። ቡሪየን ምግብ ቤት ያላት ባየሽ ግን አላለፈችውም፤ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ደወለች።

«ጋሼ፣ ዘይት ይታረዳል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሐላል ይላላ። የማይታረድ ነገር ሐላል ምን ያደርግለታል? ሶ፣ ስብ ሳይኖርበት አይቀርም። ማንኪያዬ እኮ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

በማሌዢያ ብስኩቱም ውኃውም ሳይቀር ይህ ማኅተም እንደሚመታበት፣ የፓልም ዘይትም እንደ አጣራሩ በብርድ የሚረጋ እንደሆነ አስረዷት። «ኦኬ ጋሼ» አለች፤ በር እንደ መዝጋት ያለ ኦኬ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው አዳራሹን ሞላው። ጾማችን ተሻረ ብለው ንስሐ አባታቸው ዘንድ የሄዱ ነበሩ። ጣሳው እየተመለሰ መጋዘኑን ሞላው። በዚያው ሳምንት ሙስሊሟ ባለ ምግብ ቤት ፈትሂያ ማኅተሙን አይታ እጥፍ አዘዘች።

«የእኔ ወገን በማኅተሙ አመነ፤ የእርስዎ ወገን በዚያው ማኅተም ካደ» አለ ሰላሁዲን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሥቁ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች መጋዘን ድረስ መጡና ጣሳው ላይ ተቀመጡ። መሪያቸው አቶ ኪዳነ ወልድ የብዙ ዘመን ወዳጅ ናቸው። ያመጡት መላ ቀላል ነው፤ አቶ ኃይለ መስቀል እሑድ በሕዝቡ ፊት መስቀል ይዘው ዘይቱ ስብ የለበትም ብለው ይማሉ፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

አቶ ኃይለ መስቀል ወደ መሳቢያቸው አዩ። መቶ በመቶ የአትክልት ዘይት ነው የሚል ወረቀት መሳቢያቸው ውስጥ አለ፤ ወረቀቱን የላከው ግን ዘይቱን የሸጠላቸው ሰው ራሱ ነው። ፋብሪካውን በዓይናቸው አላዩም። ለምን እንደረከሰም አልጠየቁም። ዘይቱን አንድም ቀን ተጠራጥረውት አያውቁም ነበር፤ ማል ሲባሉ ግን ምን ያህል እንደማያውቁ ታወቃቸው።

«ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ» አሉ። «መማል ግን አልችልም። ሲጨመቅ አላየሁም።»

«ማንስ አየ? ሁላችንም ያላየነውን እየበላን አይደለም እንዴ የምንኖረው?»

«መብላት ሌላ፣ መስቀል ይዞ መማል ሌላ።»

ኪዳነ ወልድ ከጣሳው ላይ ተነሡ። «እንግዲህ ሰው ምን እንደሚል ታውቀዋለህ።»

ሰውም አለ፤ ያልማለው ቢያውቅ ነው አለ። አቶ ኃይለ መስቀል ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ንጹሕ ነው የሚል መልስ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ገንዘብ ያለው ምን የማያጽፈው አለ ተባለ። ከሁሉ የከበዳቸው ግን የቤታቸው ነገር ነው። ለምን እንዳልማሉ ለገነት ነግረዋቸው ነበር። ከዚያች ማታ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ምስሩ ያለ ዘይት በጨውና በሚጥሚጣ ብቻ ተቀቀለ። እሳቸው አልጠየቁም፣ ገነትም አልተናገሩም። ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፤ ከዚያ ይተኛሉ።

በፋሲካ ማግስት ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ቀድማ የደወለችው ባየሽ ናት።

«እንኳን አደረሰዎት ጋሼ። ሠላሳ ጣሳ ይላኩልኝ።»

«ስብ አለበት አላልሽም ነበር?»

«አሁንማ ፈሰክን፤ ቢኖርበትስ?»

«ማኅተሙስ?»

«እሱን በቢላ እፍቀዋለሁ።»

የሁለት ወር ኪራይ አልተከፈለም። ሰላሁዲን ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ ስንት ልጫን እንደሚል ሰው ያያቸዋል። አቶ ኃይለ መስቀል ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንቺ የምትፈልጊው የስብ ዘይት ነው፤ እኔ ጋ የለም» አሉና ስልኩን ዘጉት።

የቀረውን ዘይት ሰላሁዲን ለፈትሂያና ለናይጄሪያዊው ባለ ሱቅ በተገኘው ዋጋ ሸጠው። መጋዘኑ በወሩ መጨረሻ ለባለቤቱ ተመለሰ። ቱጃሩም ቤታቸው ገቡ።

በነሐሴ ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን አቶ ኃይለ መስቀል ከቅዳሴ ሲመለሱ ኩሽናው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ገነት ከዚያው ዘይት እቤት ከቀሩት ሁለት ጣሳዎች አንዱን ከፍተው ምስር እያቁላሉ ነው። ባልየው በሩ ላይ ቆመው ጣሳውን አዩ።

«ምን ትገተራለህ?» አሉ ገነት ዞር ሳይሉ። «እጅህን ታጠብና ቅረብ።»